የመብራቶቹ የጠዋት ሰላምታ

እንዴት አመሻችሁ?

እንዴት አመሻችሁ አልኩ እኮ! እህ፣ እንዲያ ነው እንጂ። ሰላም ሲሉት ዝም የሚል ሰው ባለበት ቤት እኔ ወሬ አልጀምርም። ለምን እንደሆነ ስጨርስ ይገባችኋል።

አንዲት አገር ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ «እኛን ነው የነካው» የሚል አይጠፋም፣ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ጠብ አልችልም። ከገደል አናት ላይ የተቀመጠች፣ ዙሪያዋን ሸለቆ የከበባት አገር ናት። መሬቷ ያበቅላል፣ አየሯ ጤና ነው፤ ውሃዋ ግን ከሸለቆው ሥር ነው። በድሮ ጊዜ ጠዋት እንስራ አዝላ የወረደች ሴት የምትመለሰው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነበር ይባላል። በኋላ ነው አባቶቻቸው አንድ ትልቅ ጄኔሬተር፣ በምን እንዳወጡት እግዜር ይወቀው፣ አምጥተው ከአፋፉ ላይ የተከሉት። ከዚያ ወዲህ ውሃው ራሱ ሽቅብ ይወጣ ጀመር፤ ቤቱም ሁሉ በራ።

ሞተሩን «ጎርናናው» ይሉታል፣ ለድምፁ። ቀንም ሌትም ያጉረመርማል፤ አገሬው ከመልመዱ የተነሣ መስማቱን ረስቶታል። በዚያች አገር እሹሩሩ የሚል ሰው የለም። ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ የሚያስተኛው ጎርናናው ነው። ማዶ አገር ባል ያገባች ሴት ልጇ አልተኛ ብሏት ተሸክማው እናቷ ቤት ትመጣለች ይባላል፤ ይሄ እንኳ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል።

ከጎርናናው ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ የብረት ሰሌዳ ተሰቅሏል። በሰሌዳው ላይ ስድስት ትንንሽ መብራቶች አሉ፦ የዘይት፣ የነዳጅ፣ የሙቀት፣ የባትሪ፣ የፍጥነት፣ እንዲሁም ሞተሩን ከውሃ መሳቢያው ጋር የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ፣ የቺንጋው። ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን አይበሩም። አንድ ነገር ሲጎድል የዚያ ነገር መብራት ቢጫ ይበራና ጣሪያው ላይ ያለው ጡሩምባ ይጮኻል። ነገሩ ከከፋ መብራቱ ይቀላል፤ ሲቀላ ጎርናናው ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይቆማል። ከመብራቶቹ ሥር ደግሞ የሚጫኑ ቁልፎች አሉ። አንዱ ጡሩምባውን ዝም የሚያሰኝ ነው፤ ስሙ «ሰምተናል» ነው። ሰምተናል ማለት እየመጣን ነው ማለት ነበር ያኔ። ጡሩምባው ዝም ይላል፤ መብራቱ ግን ጉዳቱ እስኪጠገን አይጠፋም፣ ዓይን ዓይንህን ያይሃል። ሌላው የቡጢ ያህል የሆነ ቀይ ማቆሚያ ነው። ሦስተኛው ነው ታሪካችን፤ «እንዴት አደራችሁ» ይሉታል። እሱን ሲጫኑት ስድስቱም መብራት፣ ጉዳት ኖረም አልኖረ፣ አንድ ላይ ይበራል።

ወይ ያ ዘመን! አገሩ ስድስት ሰፈር ነበር፣ ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ መብራት። የዘይት ሰፈር ሰው የዘይቱን መብራት አምፖል ይገዛል፣ የዘይት መብራት ሲበራ ዘይት ይዞ ይሮጣል። ይቀላለዱበታል ደግሞ። የሙቀት ሰፈር ሰው ከወጡ በፊት ይፈላል ይባላል። የባትሪ ሰፈር ሰው ያስቀመጠውን አያወጣም፤ ከባትሪ ሰፈር የተበደርከውን አመስግነህ መልስ ይባላል። የፍጥነት ሰፈሮች ለቅሶ ቤት ሬሳው ሳይወጣ ይደርሳሉ፣ እዝን ሳይቀርብ ይሄዳሉ። ጡሩምባ ሲጮህ ግን ቀልድ የለም። የያዘውን ጥሎ የማይሮጥ የለም። ጡሩምባ ሰምቶ የቀረ ሰው የራሱ ቀን ሲመጣ ቀባሪ እንዳይጠብቅ ይነገረዋል።

እንግዲህ ማንጠግቦሽ የቺንጋ ሰፈር ልጅ ነበረች። የኋላ ኋላ ጠጉሯ ሸብቶ እትዬ ማንጠግቦሽ ስትባልም፣ ዓይኗን ጨፍና ልታየው የምትችለው ነገር ቢኖር የዚያ ዘመን ጠዋት ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ከሞተር ቤቱ ፊት ካለው ቦኖ ይሰለፋል። የሰሌዳው ጠባቂ ቢያድግልኝ ሁለቱን ሰፋፊ በሮች ወለል አድርጎ ይከፍታል። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ቁልፉን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ስድስቱም መብራት ቦግ ይላል፣ ጡሩምባውም ይነፋል።

«እንዴት አደራችሁ?» ይላል ቢያድግልኝ ወደ መብራቶቹ ዞሮ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» ይላል ሰልፈኛው፣ ስለ መብራቶቹ ሆኖ።

«ዘይት?»

«አለሁ!» ይላል የዘይት ሰፈር ሰው ሁሉ ባንድ አፍ።

«ነዳጅ?» «አለሁ!» እንዲህ እያለ ስድስቱንም ይጠራል። እንግዳ ሰው ሲያየው ይስቃል። ቢያድግልኝ ግን ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ ነበረው። «የማይበራ መብራት ሁለት ዓይነት ነው» ይል ነበር። «የሚናገረው የሌለው አለ፤ መናገሪያው የጠፋ አለ። ጠዋት ጠዋት ሰላም ካላልከው ማን የቱ እንደሆነ በምን ታውቃለህ?»

አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ «ቺንጋ?» ሲል የቺንጋዋ መብራት ድርግም ብላለች። የቺንጋ ሰፈር ሰው «አለሁ» ሊል የከፈተውን አፍ እንደከፈተ ቀረ። ውይ ውርደት! ሌሎቹ ሰፈሮች በሳቅ ፈረሱ። ያኔ ልጃገረድ የነበረችው ማንጠግቦሽ «ሩጪ፣ አምፖል አምጪ!» ተባለች። በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ አመጣች። ቢያድግልኝ በርጩማ ላይ ቆሞ አምፖሉን አሰረውና ቁልፉን ሲጫን ብርሃኑ ፊቷ ላይ አረፈ። እሱም አያት። አያትና ጣቱን ማንሳት ረሳ። ጡሩምባው እምቧ እንዳለ ቀረ።

«ኧረ ልቀቀው አንተ ሰው! ደነቆርን እኮ!» አለ ሰልፈኛው።

ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ የቺንጋ አምፖል ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ጀመር። አዲስ አምፖል የምታመጣው ማንጠግቦሽ ናት። ማን እንደሚያላላው እሱና እሷ ያውቃሉ። ሽማግሌ እስኪላክ ድረስ እንዲሁ ሆነ፣ ከሠርጉ በኋላ አምፖሉ አንድም ቀን አልተበላሸም።

እንዲህ ሲኖሩ ሲኖሩ አዲስ ሹም መጣ። ማን ላከው አትበሉኝ፤ ሹም ይመጣል። ይሄኛው ሳይነገር፣ ሳይጠበቅ፣ በማለዳ ከተፍ አለ። በበቅሎው ሆኖ ወደ ሞተር ቤቱ ሲቀርብ ስድስቱም መብራት ቦግ ብሎ፣ ጡሩምባው እየተነፋ፣ ሕዝቡ «እግዚአብሔር ይመስገን!» እያለ ደረሰ።

ሹሙ ቀላ። «ገና ስገባ ስድስት ጉዳት! ሕዝቡም ደስ ብሎት ያመሰግናል!»

«ጌታዬ፣ ጉዳት አይደለም፣ ሰላምታ ነው» አለ ቢያድግልኝ ዝቅ ብሎ እጅ ነስቶ።

«በዚህ አገር ሰላምታ የሚሰጠው ለእኔ ነው» አለ ሹሙ።

ቢያድግልኝ የዚያን ዕለት ከሥራ ወጣ፤ በማግስቱ አዋጅ ተነገረ። መብራት ያለ ምክንያት አይበራም፤ ምክንያት አለኝ የሚል መብራትም በቅድሚያ ለሊቀ ዝምታ ያመለክታል። ሊቀ ዝምታ ማለት አዲስ ሹመት ነው፤ መኩሪያው የሚባል ሰው ተሾመበት። ሰሌዳው ፊት ትራስ ያለው ወንበር ተሰጠው፣ ለጣቱም የሐር ጓንት። ሥራው ጡሩምባው ገና «እ…» ሲል «ሰምተናል»ን ተጭኖ ወደ ወንበሩ መመለስ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ውሎ አድሮ መነሣቱ ሲሰለቸው ጡሩምባው ውስጥ ጥጥ አስጠቀጠቀ።

ቀይ መብራት ሞተር እንደሚያቆም ለሹሙ ሲነገረው ደግሞ አበደ። «ከእኔ በላይ የሚያዝ መብራት አለ?» አለ። መብራቱ ሞተሩን የሚያቆምበት ሽቦ በአደባባይ፣ በከበሮ ተፈታ። ትልቁ ቀይ ማቆሚያ በመስታወት ተሸፈነና ሕግ ተጻፈለት። «ጎርናናውን ያቆመ ሰው እሱም እንደቆመ ይቆጠራል። ሰላም የሚለው አይኑር፤ ሰላምታውንም የሚመልስለት አይኑር።» ለእናንተ ቀላል ይመስላችሁ ይሆናል። ጠዋት መብራት እንኳ ሰላም ይባልበት በነበረ አገር፣ ይሄ ከመሰቀያ ገመድ የባሰ ነው።

አሁን ልብ በሉ። መጀመሪያ የሙቀት መብራት በራ፣ ቢጫ። ሊቀ ዝምታ «ሰምተናል»ን ተጫነ። የሄደ ሰው የለም። መብራቱ ግን ካልጠገኑት አይጠፋምና በርቶ ቀረ። ሳምንት በራ፣ ወር በራ፣ ክረምት አለፈው። ለእንግዳ አሳፋሪ ነው ተብሎ ትንሽ መጋረጃ ተሰፋለት። ከመጋረጃው ጀርባ ሲነድ ሲነድ ቆይቶ አንድ ቀን አምፖሉ ተቃጠለና ጠፋ።

«ተጸጸተ!» አለ ሹሙ።

በሬ ታረደ፣ ተበላ። መብራቱ ዝም ያለለት የሙቀት ሰፈር ሽማግሌ ካባ ተደረበለት። ይሄን ያዩ የሌሎቹ ሰፈር ሽማግሌዎች ምን እንደተመኙ እኔ አልነግራችሁም። መብራታቸው ሲበራ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ነዶ ነዶ ሲጠፋ ካባ ይለብሳሉ። አምፖል ልቀይር የሚል ሰው ከየት ይምጣ? ቀይሮት ቢበራስ? ካባው ሊመለስ ነዋ! እንዲህ እንዲህ እያሉ ስድስቱም ጠፉ። የቺንጋውን ካባ የለበሰው የማንጠግቦሽ ታናሽ ወንድም ጓንጉል ነው፤ ያምርበት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። የሞተር ቤት ሠራተኞችም የክብር ዘብ ተባሉና ሥራቸው ጎርናናውን ከውጭ መወልወል ሆነ፤ በየዓመቱም ቀለም ይቀቡታል። እሱም ጨዋ ሞተር ነው፣ ቻለው።

ቢያድግልኝ ቤቱ ተቀመጠ። ልማድ ክፉ ነው፤ ገና ጎህ ሲቀድ ይነሣል። በራስጌው ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣቱ ይጫንና «እንዴት አደራችሁ?» ይላል። ማንጠግቦሽ ከአልጋው ሆና ስለ ስድስቱም ትመልስለታለች። ለዘይቱ ወፍራም ድምፅ፣ ለባትሪው የንፉግ ድምፅ፣ ለፍጥነቱ «አለሁአለሁአለሁ» ትላለች። የቺንጋዋ ተራ ሲደርስ በራሷ ድምፅ «አለሁ» ትለዋለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንዲህ እየሳቁ ነበር የሚነጋላቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ግድግዳው ላይ ጣት አላረፈም። «ቢያድግልኝ፣ ነግቷል እኮ» አለች። «ቢያድግልኝ?» ደግማ ጠራችው፣ ሦስተኛም ጠራችው።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ማንጠግቦሽ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ለነፍሱ የሚዘከረው እንጀራም ጠላም ይኖራል፤ እሷ ግን መብራቶቹ እንደ ድሮው አንድ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰላም ቢባሉለት አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ሊቀ ዝምታ ዘንድ ሄደች።

«ምክንያቱ?» አለ ሊቀ ዝምታ፣ ጓንት ያጠለቀ ጣቱን እያየ።

«ናፍቆኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«ናፍቆት ምክንያት አይሆንም፣ እትዬ። ጥያቄ ከሆነ ጥያቄ ይበሉ፤ ቅሬታ ከሆነ ደግሞ ቅሬታ የለንም።»

«ኧረ እኔ ቅሬታም የለኝ! ባሌ ይወደው ነበር፣ ሌላ ምን አለኝ ብለው ነው?»

ሊቀ ዝምታ አሰበ፣ አሰበና ፊቱ በራ። መብራቶቹ ሁሉ የጠፉበት ቀን በየዓመቱ የሚከበርበት የጨለማ ሰሌዳ በዓል እየደረሰ ነው፤ ሹሙ ደግሞ በየዓመቱ ያው ዘፈን፣ ያው ጭፈራ ሰልችቶታል። የጥንት ሰዎችን ሞኝነት የሚያሳይ ጨዋታ ቢጨመርበት ያስቃል። «በበዓሉ ዕለት፣ ሕዝብ ፊት፣ አንድ ጊዜ» ብሎ ፈቀደላት። እሷም ጉልበቱን ልትስም ምንም አልቀራት።

ወንድሟ ጓንጉል ይሄን ሲሰማ እየበረረ መጣ። ካባውን በሩ ላይ አውልቆ ገባ።

«እታለም፣ ይቅርብሽ።»

«ለምን ይቅርብኝ?»

«አሮጌ ነገር ነው። አምፖልም እኮ ያረጃል…» አለና የቀረውን ዋጠው።

«ሰው አያረጅም እንዴ? እኔስ አላረጀሁም? ሰላም ሲሉኝ ግን እመልሳለሁ» አለችው እየሳቀች። ጓንጉል ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ካባውን አንሥቶ ሳይለብስ በክንዱ ይዞት ሄደ።

የበዓሉ ዕለት አገሩ ሁሉ ወጣ። የሞተር ቤቱ በር ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ዘመን በኋላ ወለል ብሎ ተከፈተ። ስድስቱ ሽማግሌዎች በካባቸው ከሹሙ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ጎርናናው በአዲስ ቀለም እያብረቀረቀ ያጉረመርማል። ማንጠግቦሽ የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ፣ ባሏ ይቆምበት የነበረው በርጩማ ላይ ወጣች። እንደ እሱ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሰው ሳቀላት፤ የወደዳት ሰው ሳቅ ነው። አውራ ጣቷን በቁልፉ ላይ አሳርፋ ተጫነች።

አንድም መብራት አልበራም። ጡሩምባው በጥጡ ውስጥ እንደ ጉንፋናም ሰው «እህ» ብሎ ቀረ።

ያልተጫነች መሰላትና ደግማ ተጫነች። «እንዴት አደራችሁ?» አለች፣ ድምጿ ቀጠነ። «ዘይት?» የዘይት ሰፈር ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «ነዳጅ? ሙቀት?» ማንም የለም። «ቺንጋ?» ብላ ዞራ ወንድሟን አየችው። ጓንጉል ጫማውን ያያል።

ሊቀ ዝምታ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ተጠየቁ፤ ቅሬታ የለንም አሉ!» ሹሙም አጨበጨበ። ሹሙ ሲያጨበጭብ ማን እጁን ያጣጥፋል? አገሩ በጭብጨባ ተናወጠ።

ማንጠግቦሽ ከበርጩማው ሳትወርድ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። «ጌታዬ» አለች ወደ ሹሙ ዞራ። «እኔ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር የለም። ባሌን ግን አንድ ጠዋት ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም። ያኔ ማንም ሰው መጥቶ ‹ቅሬታ የለውም› አላለኝም። መጥተው ገነዙት።»

ወደ ሰሌዳው ጠቆመች።

«እነዚህም ሰላም ተብለው አልመለሱም። ደህና አይደሉም፣ ጌታዬ። ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ለአንድ አፍታ ይቁምና ይታይ። ይሄ ሞተር የሞተ ቀን ሸለቆ ልንወርድ ነው፣ ከነሕፃኑ፣ ከነሽማግሌው።»

«በበዓሌ ቀን?» አለ ሹሙ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሕጉን ታውቂያለሽ?»

ታውቃለች እንጂ! ከማንም በላይ ታውቃለች። በዚህ ዕድሜዋ የቀራት ሀብት ምንድን ነው? በር ላይ ቁጭ ብላ አላፊ አግዳሚው «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እንዴት ዋሉ» ሲላት ነው የምትውለው። ልቧ ፈራ፣ አልዋሻችሁም። ስድስቱን ባለ ካባ ተራ በተራ አየች፤ አንዱ እንኳ ቀና ቢል ትተወው ነበር ይሆናል። ቀና ያለ የለም። ያኔ ወደ ሕዝቡ ዞራ፣

«እንዴት ዋላችሁ?» አለች።

ለምን እንደጠየቀች ያልገባቸው ከየቦታው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ዋሉ እትዬ» አሉ። ዓይኗን ጨፍና መልሱን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና በተረከዙ መስታወቱን ሰበረችው፤ ቀዩን ማቆሚያ በመዳፏ ሙሉ ተጫነችው።

ጎርናናው ቆመ።

እንዲህ ያለ ዝምታ ያን አገር ጎብኝቶት አያውቅም። ሰው ጆሮዬ ጠፋ ብሎ ጆሮውን መታ። ከሸለቆው ሥር የወንዙ ድምፅ ተሰማ፤ ብዙዎቹ ወንዙ ድምፅ እንዳለው አያውቁም ነበር። ዘቦቹ ማንን እንደሚይዙ ግራ ገብቷቸው ቆመው ሳለ፣ ከበላይ ሰፈር አንድ ሕፃን አለቀሰ። ቀጥሎ ከበታች ሰፈር ሌላው። ከዚያማ በአገሩ ያለ ጡት የሚጠባ ሁሉ፣ በጎርናናው ድምፅ ተኝቶ የነበረ ሁሉ፣ ባንድ ጊዜ ባነነና ጮኸ። ስድስቱም ሰፈር ጩኸት ሆነ። ጥጥ የሚጠቀጠቅበት አፍ አልነበረም፤ «ሰምተናል» ተብሎ የሚጫኑትም ቁልፍ የለውም።

ጩኸት ሰምቶ መሮጥ በዚያ ሕዝብ እግር ውስጥ ያደረ ነገር ነው። ማን ቀድሞ እንደሮጠ አይታወቅም። ሰው ሹሙን አልፎ፣ ዘቡን አልፎ ሞተር ቤት ገባ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው ሲያወጡት ደርቋል፣ ጫፉ ላይ ጠብታ የለም። ቺንጋው ተበልቶ ተበልቶ በክር ነው ያለው። የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ዝቃጭ ተለውጧል። በአዲሱ ቀለም ሥር ጎርናናው ሞቱን እየሞተ ነበር።

«ዛሬ ባይቆም ኖሮ ዳግም አይነሣም ነበር» አለ ከዘቦቹ አንዱ፣ በሹክሹክታ።

ማንም ማንንም ሳያዝ የዘይት ሰፈር ዘይት፣ የነዳጅ ሰፈር ነዳጅ ይዞ መጣ። ጓንጉል ካባውን ከጭቃው ላይ አንጥፎ፣ በጀርባው ተኝቶ ሞተሩ ሥር ገብቶ ቺንጋውን ቀየረ። ጀምበር ሳትጠልቅ ጎርናናው ተነሣ፣ ሕፃናቱም ተኙ።

ሹሙ ምን አደረገ ትሉኛላችሁ። ጎርናናው በእሱ ትእዛዝ እንዳረፈ አሳወጀ። በዚያው አዋጅ ጎርናናውን ያቆመችው ሴት በሕጉ መሠረት ሰላም እንዳትባል አዘዘ። ሁለቱ እንዴት ባንድ አዋጅ እንደገቡ አትጠይቁኝ፤ እኔ አላወጅኩትም።

በማግስቱ ማለዳ ማንጠግቦሽ ጀሪካኗን ይዛ ቦኖው ጋ ደረሰች። ሰልፉ እንደ ድሮው ረጅም ነው። «እንዴት አደራችሁ?» አለች፣ ከአፏ አመለጣት። ማንም አልመለሰም። ከዘቦቹ አንዱ በር ላይ ቆሞ ያያል። አንዲት ሴት ዓይኗ እንባ ሞልቶ ጀሪካኑን ከእጇ ተቀበለቻት፣ ተራ ሳትጠብቅ ሞላችላት፣ በዝምታ መለሰችላት። ሰው ክፉ ሆኖ እንዳይደለ ማንጠግቦሽ ገብቷታል። ግን ቢያድግልኝ ግድግዳውን እየተጫነ መልስ የሚሰጠው ባያገኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብላ አሰበች። ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ቤቷ ዞረች።

ጥቂት እንደሄደች ከኋላዋ የሞተር ቤቱ ሁለት በሮች ሲከፈቱ ሰማች። ያን የበር ሲጢጥታ የትም ብትሆን አትስተውም። ቆመች። ዘወር ስትል ጓንጉል ያለ ካባው በርጩማው ላይ ወጥቷል። በሰሌዳው ላይ ስድስት አዳዲስ አምፖሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ይዞ መጥቷል። ከጡሩምባው የወጣው ጥጥ መሬት ላይ ተጥሏል። ሊቀ ዝምታ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ባለ ጓንት ጣቱን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ፣ የቱን ቁልፍ እንደሚጫን ጨንቆታል።

ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገና ተጫነ። ስድስቱም ቦግ አለ። ጡሩምባው ተነፋ! ሹሙ ከቤቱ ሆኖ ሲሰማው «ለክብሬ ነው» አለ አሉ።

«እንዴት አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ ሕዝቡ፣ ሽማግሌው እያለቀሰ፣ ወጣቱ ከሽማግሌው እየሰማ።

«ዘይት?» «አለሁ!» «ነዳጅ?» «አለሁ!» እያለ ስድስቱንም ጠራ። ቺንጋ ሲል የራሱ ድምፅ ከሰፈሩ ድምፅ በላይ ወጣ። ጨረሰ ሲባል ግን ጣቱን አላነሣም። መብራቶቹ እንደበሩ ናቸው።

«ማንጠግቦሽ?» አለ።

ሊቀ ዝምታ ተወርውሮ ተነሣ። «ሕጉ! ሕጉ እኮ አለ!»

«ሕጉ ሰው ሰላም አይበላት ነው የሚለው» አለ ጓንጉል ሳይዞር። «እኔ የምጠራው መብራት ነው።» ደግሞም ጠራ፣ ረጋ ብሎ፣ እህቱን እንደሚጠራ ወንድም። «ማንጠግቦሽ?»

ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ጡሩምባው እምቧ እንዳለ ነው፣ ልክ እንደዚያ የልጃገረድነቷ ጠዋት። «ኧረ ልቀቀው» የሚል አንድ ሰው አልተገኘም።

«አለሁ!» አለች ማንጠግቦሽ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ አገሩ።

እስካሁን ድረስ በዚያች አገር ጠዋት ሲነጋ ሰባት ስም ይጠራል ይላሉ፤ እኔ የሰማሁትን ነው። እንግዲህ አፌን አደከምኩት፣ እናንተም ጆሮአችሁን። ከመነሣቴ በፊት ግን እዚያ ጥግ ያላችሁት፣ ወሬውን ስጀምር «እንዴት አመሻችሁ» ብያችሁ ያልመለሳችሁልኝ… ጨለማ ስለሆነ አትታዩኝም፤ አላችሁ?